ልብስ ማጠቢያውን ወደ በረንዳ ማውጣት፦ ፍሳሹ ወዴት ይሂድ?

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈተችው አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ወለል ላይ የምትኖር ሴት ናት። ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ መታጠቢያ ቤቱን ሞልቶ በሩን በቅጡ አያስከፍትም። የማፍሰሻው ጎማ ወለሉ ላይ ተጋድሞ ጫፉ ከወለሉ መውረጃ ወንፊት አጠገብ ነው፤ እስካሁንም አላስቸገረም። አሁን ማሽኑን ከኩሽናው ጀርባ ወዳለው በረንዳ ማውጣት ትፈልጋለች። የቧንቧ ሠራተኛው ሁለት መላ ሰጥቷታል፦ ጎማውን 4 ሜትር አስረዝሞ እዚያው መታጠቢያ ቤት ድረስ መመለስ፣ ወይም በረንዳው ላይ ባለው የዝናብ ውሃ ቀዳዳ መልቀቅ። እሷ ያሰበችው ደግሞ ከላቫንዲኖው ፍሳሽ ጋር ማገናኘት ነው። ልኬቶቹን ሳትጠየቅ አስቀምጣለች፣ በዚህ ብቻ ከብዙ ጠያቂ ትሻላለች። የላቫንዲኖው 50 ሚሊሜትር ፒቪሲ ከኩሽናው ወለል 38 ሳንቲሜትር ላይ ግድግዳ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ማሽኑ እስከሚቆምበት 2.6 ሜትር ነው፤ የበረንዳው ወለል ከኩሽናው በ5 ሳንቲሜትር ይወርዳል። የትኛው ይሻላል ስትል ጠየቀች።

መላሾቹን በምላሻቸው ቁጥር እጠራቸዋለሁ። ቁጥር 1 በሰላምታ ጀምሮ ጎማ የማስረዘሙን ሐሳብ ወዲያው ጣለው። የማሽን ፓምፕ ውሃን ከከበሮው ሥር አንሥቶ በአጭር ጎማ ለመግፋት የተሠራ ትንሽ ነገር ነው። ሌላ 4 ሜትር ሽንሽን ጎማ ሲቀጠልበት ይደክማል፤ የተመደበለት የማፍሰሻ ጊዜ ያልቅና ማሽኑ ስህተት አሳይቶ ይቆማል። ባይቆም እንኳ ፓምፑ ሲያርፍ ጎማው ውስጥ የቀረው እድፍ ውሃ ወደ ከበሮው ይመለሳል፣ ንጹሕ የወጣው ልብስ ይሸታል። ከሁሉ የከፋው መቀጠያው ነው፦ ሰው በሌለበት ቢፈታ ውሃው ታች ቤት ጣሪያ ላይ ነው የሚታየው። የግድ ከሆነ የውስጥ ስፋቱ እኩል የሆነ ጎማ፣ ጠንካራ መቀጠያ፣ በሁለቱም ወገን የብረት ማጥበቂያ ያስፈልጋል፣ መቀጠያውም ዓይን የሚያየው ቦታ ይሁን። ፍርዱ ግን ጎማውን ወደ ፍሳሹ ከመጎተት ቱቦውን ወደ ማሽኑ ማምጣት ነው።

ቁጥር 2 ተስማምቶ የቱቦውን ስሎፕ (ቁልቁለት) ጨመረ፤ ለአንድ ሜትር 2 ሳንቲሜትር። ከዚህ ካነሰ ከልብስ የሚወጣው ብናኝና የሳሙናው ዝቃጭ ቱቦው ሆድ ላይ ይተኛል። ቱቦው ከ50 ሚሊሜትር እንዳያንስም አሳሰበ፤ ማሽን እንደ ሰው እጅ ጠብ እያደረገ ሳይሆን በደቂቃ 15 ሊትርና ከዚያ በላይ በአንድ ጊዜ ነው የሚተፋው።

ቁጥር 3 ስለ ከፍታ ጻፈ፣ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ምላሾችም በጣም የሚጠቅመው ይህ ነው። ፓምፕ ላላቸው ማሽኖች አብዛኛው የአምራች መመሪያ የጎማው ጫፍ ከወለል ከ60 እስከ 100 ሳንቲሜትር እንዲሆን ያዛል። ጫፉ ከበሮው ውስጥ ካለው ውሃ በታች ከዋለ ውሃው ያለ ፓምፕ በራሱ ስቦ ይወርዳል፤ ማሽኑ ከላይ ይሞላል፣ ከታች ይፈሳል፣ ቆጣሪው ይሮጣል፣ እጥበቱ ግን አይጀመርም። ከ100 በላይ ሲሆን ፓምፑ አይደርስም። ስለዚህ ማሽኑ አጠገብ ቋሚ ቱቦ ይቆማል፣ ከሥሩ ሲፎን (ውሃ ይዞ ሽታ የሚያግድ ጥምዝ ቱቦ) ይደረግለታል፣ ጎማው ከላይ ይገባበታል። እዚህ ላይ ብዙ ሠራተኛ የሚያበላሸውን ጠቆመ፦ ጎማው በሲልከን ወይም በጨርቅ ታሽጎ መግባት የለበትም። ዙሪያውን አየር ካላገኘ ሲፎኑ ውስጥ ያለው ውሃ አብሮ ይሳባል፤ ከዚያ በኋላ የፍሳሽ ሽታ ቤቱ ውስጥ ነው። ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ብቻ ይግባ፣ ከቱቦው ጋርም ይታሰር፤ ፓምፑ ሲነሳ ጎማው ዘሎ ይወጣልና።

ቁጥር 4 አቋራጭ አመጣ፦ ጎን ላይ የጎማ መግቢያ አፍ ያለው የላቫንዲኖ ሲፎን። ማሽኑ ከላቫንዲኖው ጎን ለሚቆምበት ቤት ከዚህ የሚቀል የለም፤ ግድግዳ አይነካም፣ ቱቦ አይቆረጥም። ሁለት ነገር ግን አይረሳ። አዲስ ሲፎን ሲገዛ ያ አፍ ከውስጥ በፕላስቲክ የተደፈነ ነው፤ ድፍኑ ሳይወጣ ጎማው ከታሰረ ማሽኑ እያጓራ ውሃው አይነቃነቅም፣ ሰውም ፓምፑ ተቃጠለ ብሎ ጠጋኝ ይጠራል። ሁለተኛ፣ ጎማው ከመግባቱ በፊት እስከ ጠረጴዛው ሥር ወጥቶ ይመለስ፤ አለዚያ የዕቃ እጣቢው ወደ ልብሱ ይሄዳል። ለጠያቂዋ ግን 2.6 ሜትርና ግድግዳ በመሃል ስላለ ይህ አይሆንም ብሎ ደመደመ።

ከዚያ ቁጥር 5 መጣ። ለአንድ ጎማ ይህን ያህል መጨነቅ ምንድን ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ በዝናብ ቀዳዳ ነው የሚለቀው፣ ውሃ ውሃ ነው የሚል ነበር ይዘቱ። ቁጥር 6 አንቱታውን ትቶ ገሠጸው። የዝናቡ መስመር ፍሳሽ አይደለም፤ ወደ ግቢው ቦይ ወይም ከታች ቤት በረንዳ ፊት ለፊት ነው የሚወርደው፣ አረፋውን የሚጠርገው ሌላ ሰው ነው። ጉዳቱ ለራሷም ነው፦ የልብስ ብናኝ ያንን ጠባብ ቀዳዳ ሲደፍነው የሐምሌ ዝናብ በረንዳውን ኩሬ ያደርገዋል፣ ከኩሽናው የሚለየውም 5 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። አክሎም የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995ን ጠቀሰ፤ በአዋጁ የግል ቤትና የጋራ መጠቀሚያ የተለያዩ ናቸው፣ የሕንፃው የጋራ መስመር የማንም የግል ንብረት አይደለም።

በቁጥር 7 ያው 5 ቁጥር ተቆጥቶ ተመለሰ። ግማሹ ስድብ ስለሆነ እዘለዋለሁ፤ በመሃሉ ግን አንድ እውነት ነበረው፦ በአንዳንድ ብሎክ የዝናቡና የፍሳሹ መስመር ታች ሲደርሱ አንድ ማንሆል ውስጥ ነው የሚገቡት። ቁጥር 8 ይህን ይዞ ነገሩን አበረደው። ከመከራከር መፈተን፤ ባልዲ ውሃ ውስጥ ቀለም በጥብጦ በበረንዳው ቀዳዳ ማፍሰስና አንድ ሰው ታች ሆኖ የት እንደሚወጣ ማየት። ማንሆል ውስጥ ቢወጣ እንኳ መልሱ እሺ ማለት አይደለም። የዝናብ ቀዳዳ ሲፎን የለውም፤ ከፍሳሽ ጋር የተገናኘ ከሆነ ሽታውና በረሮው ውሃው በወረደበት መንገድ ወደ በረንዳው ይወጣል።

ቁጥር 9 እርሳስና ወረቀት ይዞ መጣ። የላቫንዲኖው ቱቦ 38 ላይ ነው፤ 2.6 ሜትር በ2 ሳንቲሜትር ስሎፕ 5 ያህል ይጨምራል፤ ስለዚህ የማሽኑ ሲፎን መውጫ 43 ላይ ይቀመጣል። ቋሚው ቱቦ ከሲፎኑ በላይ ቢያንስ 45 ሳንቲሜትር መቆም አለበት፣ ካነሰ ፓምፑ ሲተፋ አፉ ሞልቶ ይፈሳል። ድምሩ 88፤ ከ100 በታች ስለሆነ ይሠራል። ቁጥር 10 ግን አንድ ነገር እንደተዘለለ አሳየ፦ 38ቱ የተለካው ከኩሽናው ወለል ነው፣ ማሽኑ የሚቆመው ግን 5 ሳንቲሜትር ዝቅ ባለው በረንዳ ላይ ነው። ፓምፑ የሚያነሳው ከራሱ እግር ስለሆነ ትክክለኛው ቁጥር 93 ነው። አሁንም ይሠራል፣ የቀረው ትርፍ ግን 7 ሳንቲሜትር ብቻ ነው፤ ሠራተኛው ስሎፑን በዓይኑ ገምቶ ለአንድ ሜትር 4 ሳንቲሜትር ቢያደርገው ትርፉ ወደ 2 ሳንቲሜትር ገደማ ይወርዳል። በውሃ ልክ ይለካ፣ በዓይን አይሁን። ቁጥር 11 መፍትሔ ጨመረ፤ ማሽኑን 10 ሳንቲሜትር መደብ ላይ ማቆም፣ ያኔ 93ቱ 83 ይሆናል። መደቡ ግን የተሞላ ኮንክሪት ይሁን እንጂ የብረት ጠረጴዛ አይሁን። በደቂቃ 1,200 ጊዜ የሚሽከረከር ከበሮ ጠረጴዛውን እየነዳ በረንዳውን ያዞረዋል።

ቁጥር 12 ከሁሉም በላይ ሥራውን የሚያውቅ ይመስለኛል፤ አጻጻፉ ደረቅ፣ ቁጥሩ ግን ትክክል ነው። በብሎኬት ግድግዳ ላይ 50 ሚሊሜትር ቱቦ በአግድም ለመቅበር መፈልፈል አይቻልም። የብሎኬቱ ፊት ጥቂት ሳንቲሜትር ውፍረት ብቻ ስላለው ግራይንደሩ ወዲያው ባዶው ሆድ ውስጥ ይገባል፣ ግድግዳውም በዚያ መስመር ይሰበራል። ቱቦው ከግድግዳው ውጭ፣ በፊቱ ላይ በክሊፕ ይሂድ፣ ክሊፖቹ በየ50 ሳንቲሜትሩ፤ መልኩ ካስጠላ በሴራሚክ ይሸፈን። ግድግዳውን የሚሻገረው ቀዳዳ ከኮለንና ከቢም (ሕንፃውን ከሚሸከሙት የኮንክሪት ምሰሶና አግዳሚ) የራቀ ይሁን። ከላቫንዲኖው መስመር ጋር የሚገናኘው በ45 ዲግሪ ዋይ (የY ቅርጽ ባለው መገጣጠሚያ) ነው፣ በጠፍጣፋ ቲ (የT ቅርጽ ባለው) አይደለም፤ አፉም ወደ ፍሰቱ አቅጣጫ ይዙር። መገናኛው ከላቫንዲኖው ሲፎን በኋላ ይሁን። ማሽኑ የራሱ ሲፎን አለውና ሁለት ሲፎን በአንድ መስመር ከተከታተሉ በመሃላቸው አየር ይታፈናል፣ ውሃው ይንቀረፈፋል። የ90 ዲግሪ ኤልቦ (ማጠፊያ) በሚያስፈልግበት ሁለት የ45 ይደረግ። በመስመሩ መጨረሻ ላይ የሚከፈት ማጽጃ ክዳን ይቀመጥ፤ የኩሽና ስብና የልብስ ብናኝ ሲጋቡ የሚሠሩት ድፍን በእንጨት አይወጋም። መጨረሻ ላይ ፒቪሲ ወደ 80 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ እንደሚጀምር አስታወሰ፤ በ90 ዲግሪ የሚያጥብ ሰው ካለ ከማሽኑ አጠገብ ያለው ክፍል ሙቀት የሚችል ፖሊፕሮፒሊን ቢሆን ይመረጣል።

እዚህ ላይ ክሩ ባሕር ተሻገረ። ቁጥር 13 ከሲያትል፣ ቁጥር 14 ከቨርጂኒያ፣ ሁለቱም የሚያውቁትን ሕግ የዓለም ሕግ አድርገው ጻፉ። የመጀመሪያው ቋሚው ቱቦ ከሲፎኑ በላይ ከ18 እስከ 30 ኢንች ብቻ ነው፣ ሲፎኑም ከወለሉ ከ6 እስከ 18 ኢንች መካከል ይቀመጣል አለ፤ ሁለተኛው እስከ 42 ኢንች ይፈቀዳል አለ። አየር ብቻ የሚያስገባውን ቫልቭ አንዱ ከለከለ፣ ሌላው ፈቀደ። ሦስት ጊዜ ከተመላለሱ በኋላ ቁጥር 15 ሁለቱም ልክ መሆናቸውን ነገራቸው፦ ዋሽንግተን ስቴት የምትከተለው የቧንቧ ኮድና ቨርጂኒያ የምትከተለው ኮድ የተለያዩ ናቸው። በሁለቱም ግን ቱቦው 2 ኢንች፣ ስሎፑ ለአንድ ጫማ (ፉት) ሩብ ኢንች ነው፣ ይህም ቁጥር 2 ካለው 2 ሳንቲሜትር በሜትር ጋር አንድ ነው። ለአዲስ አበባዋ ጠያቂ ከዚህ ሁሉ የተረፈው ይኸው ነበር።

ቁጥር 16 ስለ አየር ያነሡትን ወደ ቤቱ መለሰው። ማሽኑ ሲያፈስ ላቫንዲኖው ጉርር ጉርር ካለ መስመሩ አየር አጥቶ ከላቫንዲኖው ሲፎን እየሳበ ነው ማለት ነው። አየር የሚያስገባው ቫልቭ ከአግድም ቱቦው ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ በሚደረስበት ቦታ ሲቀመጥ ይህን ይፈታል። የማይፈታው የአረፋ ግፊት ነው። ከላይ ፎቅ የሚወርድ ሳሙና የጋራው ቋሚ መስመር ታች በሚታጠፍበት አካባቢ አረፋ ይሠራል፤ አረፋው መውጫ ሲያጣ በምድር ቤቱ የወለል መውረጃ ይወጣል። ቫልቩ አየር ያስገባል እንጂ ስለማያስወጣ እዚያ ላይ ዋጋ የለውም። ለእጅ እጥበት የተሠራ ዱቄት በማሽን የሚጠቀም ሰው የታች ጎረቤቱን ቤት በአረፋ ይሞላል፤ አነስተኛ አረፋ የሚያወጣውን የማሽን ሳሙና መጠቀም ከቧንቧ ሥራ ሁሉ ይቀድማል።

ቁጥር 17 ከርእሱ ወጥቶ የውሃ ግፊት አነሣ፣ ግን ለአዲስ አበባ ሰው ከርእሱ ያላነሰ ነው። ብዙ ማሽን ለመሙላት ግማሽ ባር ያህል ግፊት ይፈልጋል። አንድ ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 0.1 ባር ስለሆነ ሮቶው ከማሽኑ 5 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። በረንዳ ላይ በርሜል አስቀምጦ ከዚያ እሞላለሁ የሚል ሰው ውሃ በሌለበት ቀን ማሽኑ ሲያቃስት ይውላል፤ ወይ ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ፣ ወይ የግፊት ፓምፕ ያስፈልጋል። ለማስገቢያው መስመር 20 ሚሊሜትር ፒፒአር (በሙቀት ቀልጦ የሚገጣጠም የፕላስቲክ ቱቦ) ይበቃል። ማቅለጫው 260 ዲግሪ፣ ማሞቂያው 5 ሴኮንድ ነው። ከዚህ የበለጠ ከሞቀና እስከ ጥግ ከተገፋ የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ተጣጥፎ ቀዳዳውን ያጠብበዋል፤ ከውጭ ግን ያማረ ይመስላል። ፒፒአር ለመግቢያ ነው፣ ለፍሳሽ አይደለም ብሎም አስጠነቀቀ፤ አንዳንዱ የተረፈውን ቁራጭ ለፍሳሽ ያውለዋል።

ቁጥር 18 ኤሌክትሪክ ላይ አጭር ነበር። ውሃ የሚያሞቅ ማሽን 2,000 ዋት ያህል ይወስዳል፣ በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ነው፤ 2.5 ካሬ ሽቦ፣ የ16 አምፔር ብሬከር፣ የመሬት ሽቦና በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ መከላከያ ያስፈልገዋል። በረንዳ ላይ ክዳን ያለው ሶኬት ይሁን፣ ኤክስቴንሽን ፈጽሞ አይሁን። ከዚያ ጠያቂዋን የማሽኑን ዋት ጠየቃት። ጀርባው ላይ ካለው ወረቀት አንብባ 450 ዋት ብላ መለሰች።

ቁጥር 19 ይህን ቁጥር ሲያይ ክሩን ገለበጠው። ከመጀመሪያው ጽሑፍ አንድ ዓረፍተ ነገር አውጥቶ፣ ይህን ሁሉ ስታሰሉ ማናችሁም አላነበባችሁትም አለ፤ ቃሉ ሸካራ ነበር፣ የተገባ ግን ነው። ጠያቂዋ ጎማው ወለል ላይ ተጋድሞ ያለ ችግር ሠርቷል ብላለች። በቁጥር 3 አባባል ጎማው ወለል ላይ የዋለ ማሽን ውሃ መያዝ አልነበረበትም። 450 ዋት ደግሞ ውሃ የሚያሞቅ ማሽን አይደለም። ምናልባት ይህ ማሽን ጭራሽ ፓምፕ የለውም፤ ታች ያለ ቫልቭ ይከፈትና ውሃው በራሱ ክብደት ይወርዳል። ከላይ የሚከፈቱ ብዙ ማሽኖችና ባለ ሁለት ገንዳዎቹ እንዲህ ናቸው። የእነዚህ ጎማ ከ10 ወይም ከ15 ሳንቲሜትር በላይ ከተነሣ ውሃው ከበሮው ውስጥ ይቀራል።

ቁጥር 20 ማስረጃው በቂ አይደለም ሲል ተቃወመ፣ ተቃውሞውም ተገቢ ነበር። ከፊት የሚከፈቱ ብዙ ማሽኖች ጎማቸው ጀርባቸው ላይ ከፍ ብሎ ታስሮ ነው የሚወርደው፤ ያ ከፍታ መሳቡን ስለሚያግደው ጫፉ ወለል ላይ ቢሆንም ይሠራሉ። ከላይ ከሚከፈቱትም ፓምፕ ያላቸው አሉ። ስለዚህ በበሩ አይፈረድም። ሦስት ምልክት አስቀመጠ። ጎማው ከማሽኑ የሚወጣው ከግርጌው ነው ወይስ ከወገቡ በላይ? ከፊት ከታች የምትከፈት ትንሽ የማጣሪያ ክዳን አለች? ሲያፈስ የፓምፕ ጉርምርምታ ይሰማል ወይስ ቀጭ ብሎ ውሃው ዝም ብሎ ይጎርፋል? የሚያረጋግጠው ግን ባልዲ ነው። ማፍሰስ ሲጀምር የጎማውን ጫፍ 50 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጎ ባልዲ ላይ መያዝ።

ጠያቂዋ በቁጥር 21 ተመለሰች። ማሽኑ ከላይ የሚከፈት ነው፣ ጎማው ከግርጌ ይወጣል፣ የማጣሪያ ክዳን የለውም፤ ጎማውን ከፍ ስታደርገው ጠብ አላለም፣ ዝቅ ስታደርገው ጎረፈ። ነገሩ አለቀ። ይህ ጥያቄ በቁጥር 1 ቢነሣ ኖሮ ክሩ በግማሽ ባጠረ፤ እውነት ለመናገር ግን ከ9 እስከ 12 ያለው ስሌት ፓምፕ ላለው ማሽን አንድም ቃል አይለወጥበትም።

ቁጥር 22 የበረንዳውን ሐሳብ ዘጋው። የላቫንዲኖው መስመር ከበረንዳው ወለል ሲለካ ከነስሎፑ 48 ሳንቲሜትር ላይ ነው። በራሱ ክብደት የሚያፈስ ማሽን እዚያ ለማፍሰስ ከግማሽ ሜትር በላይ መደብ ይፈልጋል፤ ማሽኑ ራሱ አንድ ሜትር ገደማ ስለሆነ ክዳኑ አንድ ተኩል ሜትር ላይ ይውላል። ልብስ ለማውጣት መሰላል ሊያስፈልግ ነው።

ቁጥር 23 ግን ተስፋ አልቆረጠም፦ ማሽኑ ትልቅ ሳፋ ውስጥ ያፍስስ፣ ሳፋው ውስጥ ተንሳፋፊ ማብሪያ ያለው ጠላቂ ፓምፕ ይቀመጥ፣ ፓምፑ ወደ ላቫንዲኖው መስመር ይግፋው። ቁጥር 24 አፈረሰው። እንዲህ ያለ ማሽን በአንድ ሙሌት ከ50 ሊትር በላይ ሊይዝ ይችላል፣ ይህንም በጥቂት ደቂቃ ይለቀዋል፤ ሳፋው ከ80 ሊትር ካነሰና ፓምፑ ከጎማው ካልፈጠነ በረንዳው ይጥለቀለቃል። ብናኙ ተንሳፋፊውን አንድ ቀን ይይዘዋል፣ ያኔም ማሽኑ ፓምፑ መቆሙን ሳያውቅ ማፍሰሱን ይቀጥላል። ቁጥር 25 በበኩሉ ማሽኑን ሸጦ ፓምፕ ያለው መግዛት ከዚህ ሁሉ ይቀላል አለ፤ ሲገዛም መመሪያው ላይ የጎማው ከፍታ ከ60 እስከ 100 መባሉን አይቶ ነው። ዋጋው ስለሚከብድ ግን ለሁሉም የሚሆን ምክር አይደለም።

መፍትሔው በቁጥር 26 መጣ። የጻፈው ያው 12 ቁጥር ነው። ማሽኑ ከመታጠቢያ ቤት አይውጣ፣ በሩን ከሚዘጋበት ተነሥቶ ወደ ተቃራኒው ጥግ ይዛወር። ጠያቂዋ ለክታ ከመውረጃው እስከ ጥጉ 1.2 ሜትር መሆኑን ነግራዋለች። ወለል ሰብሮ 50 ሚሊሜትር ቱቦ መቅበር አያዋጣም። የቱቦው 5፣ የስሎፑ 2.4፣ ከላይ የሚሸፍነው ሞርታርና ሴራሚክ ሲደመር 10 ሳንቲሜትር ያልፋል፤ ከሶሌታው (ከወለሉ ኮንክሪት) በላይ ያለው ሙሌት ይህን ያህል ካልሆነ ቁፋሮው ብረት ላይ ይደርሳል፣ የውሃ መከላከያውም ይቀደዳል። ስለዚህ ቱቦው በግድግዳው ግርጌ፣ በወለሉ ላይ ይሂድ። በመውረጃው በኩል ወለሉን ይነካል፣ በማሽኑ በኩል በ2.4 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል፤ ጫፉ በ45 ዲግሪ ኤልቦ ወደ ላይ ይመለስና የጎማውን ጫፍ ይቀበላል። የዚያ አፍ ከፍታ 12 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል። በሌላው ጫፍ ቱቦው ከወንፊቱ በላይ ክፍት ሆኖ ያፈስሳል፤ የወለሉ መውረጃ የራሱ ሲፎን ስላለው ሌላ አይጨመርም። 50 ሚሊሜትሩ በዚህ ስሎፕ ግማሽ ሞልቶ እንኳ በደቂቃ ከ30 ሊትር በላይ ያሳልፋል።

ቁጥር 27 አንድ እርማት አደረገ። 12 ሳንቲሜትሩ ለአንዳንድ ማሽን ይበዛል፣ የጠያቂዋ መመሪያ 10 ብቻ ከፈቀደ በየእጥበቱ ከበሮው ሥር ውሃ ይቀራል። ማሽኑ 5 ሳንቲሜትር የኮንክሪት መደብ ላይ ይቁም፤ የብረት እግሩንም ከእርጥብ ወለል ያድነዋል። ቁጥር 26 ያለ ክርክር ተቀበለው፣ እንዲህ ባለ ክር ብርቅ ነው።

የቀረው መውረጃው ራሱ ነው። ጠያቂዋ በተነገራት መሠረት 20 ሊትር ውሃ በአንድ ጊዜ ስትደፋበት ወለሉ ላይ ተኛ። ቁጥር 28 ኩባያ መሳይ ክዳን ያለው መውረጃ የሚይዘው ውሃ ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ በመሆኑ ቶሎ እንደሚደርቅ፣ ፀጉርና ብናኝም ከክዳኑ ሥር እንደሚጠመጠም ገለጸ። ክዳኑ ወጥቶ ይጽዳ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው መስመር በማጽጃ ስፕሪንግ ይወጋ። የባትሪ አሲድ መድፋት ልማድ ሆኗል፤ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ፈልቶ ቱቦውንም የሚደፋውንም ሰው ይጎዳል። ከተቻለ 5 ሳንቲሜትር ውሃ የሚይዝና ሰፊ ወንፊት ያለው መውረጃ ይተካ። ሲተካ ግን በወንፊቱ ዙሪያ የውሃ መከላከያው ተመልሶ መቀባት አለበት፣ አለዚያ ታች ቤት ጣሪያ ላይ የሚታየው ቢጫ ክብ ከዚያ ነው የሚመጣው። ቁጥር 29 የጎማው ጫፍ ላይ የናይሎን ካልሲ ማሰርን መከረ፤ ወዲያው 27 ቁጥር በፓምፕ ለሚያፈስ እንጂ በክብደቱ ለሚያፈስ ማሽን ካልሲው ሲሞላ ውሃውን እንደሚያግድ ነግሮት፣ ይልቅ ወንፊቱ ላይ ጠፍጣፋ የሽቦ መረብ ይሁን አለ።

ቁጥር 30 የሙከራውን ቅደም ተከተል ሰጠ። መጀመሪያ መገጣጠሚያዎቹ በፒቪሲ ሙጫ ተጣብቀው በቂ ጊዜ ይድረቁ። ከዚያ በባልዲ ውሃ፣ ቀጥሎ በማሽኑ አንድ ባዶ ዙር ይሞከር፤ በየመገጣጠሚያው ሥር ደረቅ ሶፍት ይቀመጥ፣ የረጠበው ይናገራል። መውረጃው ከተቀየረ ደግሞ አፉ ተደፍኖ ወለሉ ላይ ጥቂት ሳንቲሜትር ውሃ ለ24 ሰዓት ይተኛ፣ ታች ያሉት ጎረቤትም ቀድመው ይነገራቸውና ጣሪያቸውን ይዩ።

በቁጥር 31 አንድ አዲስ ሰው ገባ። የእሱ ማሽን ከፊት የሚከፈት፣ ፓምፕ ያለው ነው፤ ቤቱ የጠያቂዋ ዓይነት ነው፣ መመሪያው ግን የሚፈቅደው እስከ 90 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። የጎደለውን 3 ሳንቲሜትር ቋሚውን ቱቦ በማሳጠር ላምጣው ወይ ብሎ ጠየቀ። ቁጥር 10 መለሰለት፦ ቱቦው ከ45 በታች ካጠረ ፓምፑ ሲተፋ በአፉ ይፈሳል፤ ቱቦው ባለበት ይቆይ፣ ማሽኑ 5 ሳንቲሜትር መደብ ላይ ይውጣ፣ 93ቱ 88 ይሆናል። ማሽኑን ከማንሣቱ በፊት ደግሞ ከጀርባው ያሉት የማጓጓዣ ብሎኖች ይመለሱ፣ ከበሮው በስፕሪንግ የተንጠለጠለ ስለሆነ ሳይታሰር ከተዘነበለ ይጎዳል፤ ቦታው ላይ ከቆመ በኋላ ግን ብሎኖቹ መውጣታቸው ሳይረጋገጥ ማሽኑ አይብራ።